እሺና እምቢ

በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲያዩ ፍጥነት ጨመሩ። ጋሪው ድንጋይ በነካ ቁጥር ልኬ ከመቀመጫዋ ስንዝር ያህል ትነሳና ተመልሳ ትወድቃለች፤ ጭኗ ላይ ያቀፈችውን የእንጨት ሳጥን ግን ለአፍታም አልለቀቀችም። ሳጥኑ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ውስጡ ያሉት ሁለት ቁራጭ ብረቶች ግን በአራት መቶ ጠመንጃ ላይ የሚፈርዱ ዳኞች ናቸውና መንገጫገጭ አይገባቸውም።

«ቀስ በል እንጂ ወንድሜ!» አለች ለጋሪ ነጂው። «አባቴን እኮ ነው የጫንከው፤ የድንች ጆንያ መሰለህ?»

«ሻለቃው ቶሎ ነው ያሉት፤ እኔ ምን ላድርግ!» አለ ነጂው ዞር ሳይል።

አባቷ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ድንችስ ቢሆን እንዲህ ይጫናል?» ብሎ ነጂውን እስኪያፍር ድረስ ይቀልድበት ነበር። ዛሬ ግን መልእክተኛው ማለዳ በሩን ካንኳኳ ጀምሮ አፉ እንደተለጎመ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር። ትናንት በጦሩ ሰፈር፣ በመጀመሪያው የተኩስ ልምምድ፣ አንድ ጠመንጃ ወደ ኋላ ፈንድቶ የተኳሹን ፊት አቃጥሏል፤ የመሳሪያ ቤቱ ኃላፊ መለኪያዎቹን ይዞ ዛሬውኑ ይቅረብ።

«ከጥይቱ ይሆን አባዬ?»

«ከጥይቱ ነው።»

«ሳታየው?»

«ጠመንጃዎቹን አይቻቸዋለሁ።»

ለልኬ ይኸው በቂዋ ነው። ሰው ሁሉ አባቷን ሊቁ ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ መሳሪያ ቤት ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ፊት ቆሞ ሲሠራ አንድ ጠመንጃ ተመልሶበት አያውቅም። ልኬ የሚለውንም ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ በአራት ዓመቷ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በክር እየለካች መግቢያ መውጫ ስታሳጣው ጊዜ። ዛሬ ሃያ ሰባት ሞልቷታል። የአባቷ ዓይን ደክሟል፣ የእሷ እጅ ደግሞ ሰልቷል፤ ስለዚህ እሱ ያዛል፣ እሷ ትሞርዳለች። ሠራተኛው «ሊቁ አንድ ሰው አይደለም፣ ሁለት ነው» እያለ ይቀልድባቸዋል።

ሙያውንም ያስተማራት በጨዋታ ነበር። ልጅ ሳለች ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፎ ደረቷን ገፋ አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ከግድግዳው አንድ እርምጃ አራቃትና ያንኑ ያህል ገፋት፤ ወደ ኋላ ሄዳ ተላተመችና አለቀሰች። «ጥይትም እንዲሁ ነው» አላት እንባዋን እየጠረገ። «ጥይቱ የሚተኛበት ጎሬ አለ። ከኋላው የሚዘጋው ብረት ደግሞ መቀርቀሪያ ይባላል። ባሩዱን የያዘው ነሐስ ቀለህ ነው። ባሩዱ ሲነድ የቀለሁ ፊት ከጎሬው ጋር ይጣበቃል፤ ቂጡ ግን ወደ ኋላ ይገፋል። መቀርቀሪያው እዚያው ተጠግቶ ካልጠበቀው ነሐሱ ይለጠጣል። ከተለጠጠ ይበጠሳል። ከተበጠሰ እሳቱ የሚወጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።»

ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲጠብም ሌላ ጣጣ ነው፤ መቀርቀሪያው አልዘጋ ብሎ ወታደሩ በጭንቅ ሰዓት በመዳፉ ሲደበድበው ይገኛል። እንግዲህ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች ሥራቸው ይህንኑ ክፍተት መለካት ነው። በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ወገቡ ላይ አንድ ቀለበት ተቀርጾበታል፤ መቀርቀሪያው በእሱ ላይ መዘጋት አለበት፤ ሠራተኛው «እሺ» ይለዋል። ሌላው በአንድ ፀጉር ያህል ይረዝማል፣ ሁለት ቀለበት አለው፤ በእሱ ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት የለበትም፤ ስሙም «እምቢ» ነው። አንደኛውን እሺ፣ ሁለተኛውን እምቢ የሚል ጠመንጃ ጤነኛ ነው። ለሁለቱም እሺ የሚል ግን ሰው ይገድላል፤ ያውም የያዘውን ሰው። ጠመንጃ የሚያገጣጥመው ሌላ፣ በመጨረሻ በሁለቱ ብረቶች የሚፈትነው ሌላ ነው፤ ፈታኙም ሊቁ ብቻ ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

«መልእክተኛው ስለ ማሙሽ ምንም አላለም?» አለች ልኬ ጥቂት ቆይታ። ማሙሽ ታናሽ ወንድሟ ነው። ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል፣ ጺም አብቅሏል፣ ከዚሁ ጦር ጋር ሊዘምት ሰፈር ገብቷል፤ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

«የማሙሽ ጠመንጃ ደህና ነው» አለ ሊቁ።

የጠየቀችው ስለ ጠመንጃው አልነበረም። ልብ አላለችውም።

ሰፈሩ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ከሻለቃው ድንኳን አጠገብ፣ በጥላው ሥር፣ ሁለት ዓይኑ በፋሻ የተጠቀለለ ወጣት ወታደር ተቀምጧል። የእግራቸውን ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ።

«ማነው?»

«የመሳሪያ ቤት ሰዎች ነን፣ ወንድሜ» አለች ልኬ።

«እባካችሁ ንገሯቸው። ጠመንጃዬን በደንብ ነው የያዝኩት። አፈር አላስነካሁትም። ቁጥሩንም አይቼ፣ የራሱን መቀርቀሪያ ነው የገጠምኩለት።»

«እግዜር ይማርህ» አለች። አባቷ ግን ሳይቆም አልፎ ድንኳኑ ውስጥ ገብቷል። አባቴ ደም ማየት አይችልም አለች በልቧ።

ሻለቃው ሪዛቸውን ወደ ላይ ያሾሉ፣ ልብሳቸው እንደ ደብዳቤ የታጠፈ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቃጠለው ጠመንጃ ተጋድሟል። በአንድ ጥግ ደግሞ የጥይት ግምጃ ቤቱ ጠባቂ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ቆሟል።

«ሊቁ፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉ ሻለቃው። «ነገሩ አጭር ነው። ወይ ጠመንጃው ጥፋተኛ ነው፣ ወይ ጥይቱ። ጥይቱ ከሆነ ይሄ ሰውዬ እርጥብ ቤት አስቀምጦ አበላሽቶታል፤ ነገ ጦሩ ከመነሳቱ በፊት ይቀጣል። ጠመንጃው ከሆነ ደግሞ…» ቀሪውን የሪዛቸውን ጫፍ በማሾል ጨረሱት።

«ጠመንጃው ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ። ፈትኜ ፈርሜበታለሁ። አሁንም እፈትነዋለሁ።»

ሊቁ ወደ ሳጥኑ እጁን ሲዘረጋ ሻለቃው በከዘራቸው ጫፍ ጠረጴዛውን መታ አደረጉት። «የፈረመ ሰው የራሱን ፊርማ አይፈትንም። ልጅዎ ሙያውን ታውቃለች ይባላል። እሷ ትፈትን።»

ሊቁ የዘረጋውን እጁን መለሰ። «እሷ የመጨረሻውን ፈተና ሠርታ አታውቅም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ዛሬ ትጀምራለች።»

ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወጣ ክሩ ጆሮው ላይ ተጠለፈበት። ልኬ ዕድሜው ነው ብላ አዘነችለት። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። በመጀመሪያ ያነሳችው የተበጠሰውን ቀለህ ነው። ቂጡ ብቻውን ወጥቷል፤ ቀሪው ጎሬው ውስጥ ተሰንቅሮ ቆይቶ ኋላ በመንጠቆ ነው ያወጡት። የተበጠሰበት ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ያበራል፤ ነሐሱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ይህን ምልክት አባቷ መቶ ጊዜ ነግሯታል፤ ግድግዳ ያጣ ቀለህ ምልክት ነው።

«ልጄ» አለ የታሰረው ሰውዬ ከጥጉ። «አይተሽ ፍረጂ። የልጅ ልጆች አሉኝ።»

«ዝም በል!» አሉ ሻለቃው።

ጎሬውን ጠረገች። የመቀርቀሪያውን ቁጥር አየች፤ ወታደሩ እንዳለው የራሱ ነው። «እሺ»ን አስገብታ ገፋችው፤ መቀርቀሪያው ልስልስ ብሎ ተዘጋ። ባለ ሁለት ቀለበቱን አስገባች። በሁለት ጣቷ ገፋችው፤ ቆመ። ደገመችው፤ ቆመ። ቀለሁ የነገራትና ብረቱ የነገራት አልገጠሙላትም፤ ግን ብረት አይዋሽም፣ ያውም የአባቷ ብረት። ትከሻዋ ላይ ያለው ሸክም ወረደላት።

«እምቢ ብሏል፣ ጌታዬ። ጠመንጃው ልኩ ላይ ነው።»

«በቃ!» ሻለቃው ተነሱ። «ሃምሳ አለቃ! ልምምዱ ይቀጥል። ሁሉም አምስት አምስት ጥይት ይተኩስ። ይሄን ሰውዬ ወደ ዘብ ቤት!»

ሃምሳ አለቃው እየሮጠ ወጣ። ሰውየውን ሲወስዱት ልኬን አንድ ጊዜ ዞሮ አያት። ዓይኗን ሰበር አደረገችና ብረቱን ከጎሬው አውጥታ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ዘይቱን ስታነሳለት፣ ከድንኳኑ በር በሚገባው ብርሃን፣ የቂጡ ጠርዝ ላይ አንዲት ጭረት አየች።

ጭረቷ ከጥፍር ጫፍ አትበልጥም፤ ወደ ግራ ጎንበስ ያለች ናት። ልኬ ታውቃታለች። አልቅሳባታለች።

ከሁለት ወር በፊት ነው። ዓምና ወታደሩ አድሞ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በወታደሩ እጅ ሲሆን መቀርቀሪያው ግን ተነቅሎ በሃምሳ አለቃው ሳጥን ይቆለፋል፤ የሚሰጠው በተኩስ ሰዓት ብቻ ነው። ሳጥኖቹ ከቦታ ቦታ ሲጋዙ አራት መቶ መቀርቀሪያ እንደ ባቄላ ተደባለቀ። መቀርቀሪያ ደግሞ ከሌላ ጠመንጃ ተውሰው የሚጠቀሙበት ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ተሞርዶ የሚገጥመው ለአንድ ጠመንጃ ነው። ሊቁ እንደ አዲስ ለማገጣጠም ሦስት ወር ጠየቀ፤ ሻለቃው ዘጠኝ ቀን ሰጡት። ታዲያ በዚያ ጥድፊያ መሃል፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣ አባቷ ወደ ጥግ ወስዶ «ጊዜሽ ደርሷል። የመመረቂያ ሥራሽን ሥሪ» አላት። መለኪያ ብረት። ከእምቢ በሁለት ፀጉር የሚረዝም።

«አልበዛም አባዬ?»

«ለዘበኞቹ አሮጌ ጠመንጃ ነው። እነሱ ደካማ ባሩድ ነው የሚተኩሱት።»

ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ሠራችው። በመጨረሻው ሰዓት ሞረዷ አዳለጣትና ያቺ ጭረት ተፈጠረች። ስታለቅስ አባቷ ብረቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና «ተያት፤ ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያያት የለም» አላት፤ ግንባሯንም ሳማት። የተማሪ መመረቂያ ሥራ ላይ ቀለበቱን የሚቀርጸው መምህሩ ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሱም «እኔ እቀርጽበታለሁ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሳሪያ ቤት ይሄዳል፤ የሙያ ወረቀትሽም ይመጣል» ብሎ ወሰደው። ሁለት ወር ሙሉ ፖስተኛ ባየች ቁጥር ልቧ ሲዘል ከርሟል።

ብረቱ ግን የትም አልሄደም ነበር። ሁለት ቀለበት ተቀርጾበት፣ እዚህ እጇ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ ትንሽ አየር ልውሰድ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። አባቷ ሳትጠራው ተከትሏት ወጣ።

ከድንኳኑ ጀርባ፣ የጋሪዎቹ ረድፍ መሃል ቆሙ። ብረቱን ወደ ፊቱ አስጠጋችለት።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው።»

ሊቁ ወደ ድንኳኑ ዞሮ ተመለከተ።

«አባዬ፣ እያናገርኩህ ነው። ይቺ የኔ ጭረት ናት።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! የሙያ ወረቀትሽ ይመጣል አላልከኝም? በየቀኑ አልጠየቅኩህም? 'ታገሺ፣ የመንግሥት ነገር ይዘገያል' አላልከኝም?»

«ምን ላድርግ ልጄ?» አለ ሊቁ፤ ዓይኑን መሬት ተክሎ። «በመጀመሪያው ቀን በእውነተኛው ስጀምረው ከአሥሩ ሦስቱ ወደቁ። ከአራት መቶው መቶ ሃያ ማለት ነው! በዘጠኝ ቀን! ወደቁ ብዬ ብጽፍ ምን የሚሉኝ ይመስልሻል? 'አርጅቷል፣ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሌላ አምጡ' ነው የሚሉት። ሌላው ደግሞ መጥቶ ሳይለካ ይፈርማል። እኔ ቢያንስ ለክቻለሁ።»

«በውሸት ብረት!»

«ሁሉም አይፈነዳም። ብታሰዪው ከአራት መቶ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት…»

«ማን ማን ናቸው አምስቱ?» አለች። «ንገረኝ። አንዱን አይቼዋለሁ፣ ጥላው ሥር ተቀምጧል። አፈር አላስነካሁትም እያለ ይምላል። የቀሩት አራቱ እነማን ናቸው?»

ልኬ በዚያች ቅጽበት እንኳ ምክንያት ስትፈልግለት ነበር። ደክሞት ነው፤ ፈርቶ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሥራ በአንድ ወረቀት እንዳይነጥቁት ነው። ሰው ይፈራል፤ አባትም ሰው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ማሙሽ እዚህ ነው ያለው። የሱንም ጠመንጃ በዚሁ ነው የፈተንከው?»

የሊቁ ፊት ፈታ አለ፤ የምሥራች እንዳለው ሰው ጠጋ አላት። «ኧረ ምን ማለትሽ ነው! የሱንማ በእውነተኛው። ለብቻዬ፣ በገዛ እጄ ነው ያገጣጠምኩለት። ሥጋት አይግባሽ።»

ልኬ የጋሪውን ጎማ ያዘች። ስትፈልግለት የነበረው ምክንያት ሁሉ ባንዴ ረገፈ። አልተሳሳተም፣ አልደነገጠም። አውቆ፣ አንዱን ለይቶ አውጥቶ፣ የቀሩትን ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ለዕድላቸው ጥሏቸዋል። ያንን ያደረገው ደግሞ በእሷ እጅ ነው፣ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ በተዋጣለት ሥራዋ፣ ግንባሯን ስሞ በተቀበላት ብረት።

«እውነተኛው የት አለ?»

እጁ ሳይታዘዘው ወደ ሰደርያው ኪስ ሄደ። እዚያው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ።

ጡሩምባ ተነፋ። ከጋሪዎቹ ባሻገር ሜዳው ላይ ወታደሮቹ እየተሰለፉ ነው። ሃምሳ አለቃው ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ከፍቶ «አንሳ! ቶሎ አንሳ! እለፍ!» እያለ ይጮሃል። ሊቁ ዓይኑን አጨነቆረ፤ ያን ያህል ርቀት ማየት ከተወ ቆይቷል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«መቀርቀሪያ እያነሱ ነው።»

«በቁጥራቸው ነው አይደል? ቁጥር መትቼበታለሁ።»

ልኬ አየች። በረድፍ የሚያልፈው ሁሉ እጁን ወደ ሳጥኑ ሰዶ የያዘውን ይዞ ይሮጣል። ጎንበስ ብሎ ቁጥር የሚፈልገውን ሃምሳ አለቃው በዱላው ጫፍ ይገፋዋል። «ቁጥር የሚያይ የለም» አለች። «ያገኙትን ነው የሚያነሱት።»

«ማሙሽስ? ማሙሽ ይታይሻል?»

ይታያታል፤ ከሁሉም በላይ በአንድ ራስ ይረዝማል። ከጓደኛው ጋር እየተሳሳቀ እጁን ከተተ፣ አወጣ፣ ጠመንጃው ላይ ገጠመና ወደ መስመሩ ሄደ።

«አነሳ» አለች። «እሱም ያገኘውን አነሳ፣ አባዬ።»

ሊቁ እንደ ወጣት ተወነጨፈ። ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሳውም። በአራት መቶ ወታደር ፊት፣ በዚያ በተከበረ አንደበቱ፣ «ማሙሽ! ማሙሽዬ! እንዳትተኩስ! አንተ እንዳትተኩስ!» እያለ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ።

ልኬ ቆማ ሰማችው። እንዳትተኩሱ አላለም። አንድ ስም ብቻ ነው የጠራው።

እሷ ወደ ድንኳኑ ሮጠች። ዘበኛው እጁን ሲዘረጋ በሥሩ ሾልካ ገባችና ብረቱን ሻለቃው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ልምምዱን ያስቁሙ። አሁኑኑ! ይሄ ብረት ውሸታም ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ልኩ በሁለት ፀጉር ያልፋል፤ መውደቅ የሚገባቸውን ጠመንጃዎች ሁሉ ጤነኛ ናቸው ይላል። መቶ ሃያ ጠመንጃ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አለ፤ የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

ሻለቃው ብረቱን አዩ፣ እሷን አዩ። «ማን አዘዘሽ?»

አባቷን እስከ ዛሬ ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። «አባቴ» አለች። «ቀኑን ደግሞ የቆረጡለት እርስዎ ነዎት።»

ሻለቃው ፊታቸው ቀላ። ለአፍታ ቁጣቸው በማን ላይ እንደሚወርድ አልታወቀም። ከዚያ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው እየነፉ ወጡ። መስመሩ ላይ «አነጣጥር» ተብሎ ነበር። አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፋ። አፈሙዞቹ አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረዱ።

ሜዳው መሃል ሊቁ የማሙሽን ጠመንጃ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል፤ ትንፋሹ አልመለስ ብሎታል። ማሙሽ በኀፍረት ጆሮው ቀልቷል። ከጎኑ የቆመው ጓደኛው፣ ቅድም አብሮት ሲሳሳቅ የነበረው፣ የራሱን ጠመንጃ አየት አደረገና ወደ ሊቁ ዞረ።

«ጋሼ» አለ በትሕትና፣ «የኔስ?»

ሊቁ ያቀፈውን ጠመንጃ ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ማሙሽ አባቱንና ጓደኛውን ተራ በተራ አየ፤ ሲገባው ልኬ ከሩቅ አየችው፣ ረጅሙ ትከሻው ባንዴ ወረደ። ጠመንጃውን ከአባቱ እቅፍ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ እየተራመደ የሰልፉን ርዝመት ሁሉ ተሻገረና ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄዶ ቆመ።

ጠረጴዛው ወደ ሜዳው ወጣ። እውነተኛውን ብረት ከሊቁ ኪስ ያወጡት ሻለቃው ራሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንተ» ብለውት ነበር። ልኬ በመጀመሪያ የፈተነችው የቆሰለውን ልጅ ጠመንጃ ነው። እውነተኛውን እምቢ አስገብታ በአንድ ጣቷ ገፋችው። መቀርቀሪያው ያለ አንዳች ተቃውሞ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ሻለቃው አዩ። እጃቸውን ወደ ዘብ ቤቱ አወዛወዙ፣ የጥይት ጠባቂውም ተፈታ። ከእጁ በወለቀው በዚያው ገመድ ሊቁን አሰሩበት።

«ቀጣይ» አለች ልኬ።

የማሙሽ ጓደኛ ነበር ቀጣዩ፤ ቁጥሩን አይታ የራሱን መቀርቀሪያ አስፈልጋ ገጠመችለት። የሱም ተዘጋ። ጠመንጃውን ለብቻ አስቀመጠችው። ልጁ ጠመንጃውንና እሷን እያፈራረቀ አየና «እግዜር ይስጥልኝ እቴ» አለ፤ ከዚያ ዞር ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሦስተኛው እምቢ አለ፣ አራተኛውም እምቢ አለ፣ አምስተኛው ተዘጋ። እንባዋ ዘይቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዷ እየጠረገች ቀጠለች። ለእያንዳንዱ ወታደር የራሱን መቀርቀሪያ በክር አስራ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፤ ሃምሳ አለቃው ደንቡ አይፈቅድም ሊል ሲል ሻለቃው በዓይናቸው አስቆሙት።

አባቷን ወደ ጋሪው ሲወስዱት በጠረጴዛው አጠገብ ነው ያሳለፉት። ሲደርስ ቆም አለ። በእነዚያ በደከሙ ዓይኖቹ የሰልፉን መጨረሻ ሊፈልግ ሞከረ፤ አልደረሰበትም። ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ልኬ» አለ በሹክሹክታ፣ «የማሙሽስ? የማሙሽ እምቢ አለ?»

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ በዚያ ሁሉ መሃል፣ ይቺን ስትጠብቅ እንደነበረ ያወቀችው አሁን ነው። ቀና ብላ ሰልፉን አየች፤ ሦስት መቶ ከምናምን ሰው፣ ከሁሉም ኋላ አንድ ረጅም ራስ።

«ተሰልፏል» አለች፣ የሚቀጥለውን ጠመንጃ እየተቀበለች። «ተራው አልደረሰም።»